በር አይፋቅም

ሰኞ፣ 6

ዛሬ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ሁሉም ሰው ቦታ ይለቅልኛል። ውሃ ልጠጣ ብሄድ ሰልፉ ለሁለት ተከፈለልኝ። ወንድም የሞተበትን ሰው ከእሳት ላይ እንደወረደ ድስት ነው የሚያዩት፤ ማንም በባዶ እጁ ሊነካው አይፈልግም።

የታሪክ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጠን። የቤተሰባችሁን ታሪክ በምትኖሩበት ቤት በኩል ጻፉ አለ። ቤቱን ማን ሠራው፣ ማን ገባበት፣ ማን ተወለደበት፣ ማን ሞተበት። «ማን ሞተበት» ሲል እኔን አየና ወደ መስኮቱ ዞረ። በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ ሌላ ርዕስ ብመርጥ ግድ እንደሌለው ነገረኝ። የለም፣ ይኼንኑ እሠራለሁ አልኩት። የኛ ቤት ታሪክ ምን ይከብዳል? ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁት ነው።

ማታ

እንግዲህ ልሞክረው።

የምንኖርበትን ሰው ሁሉ ረጅሙ ቤት ይለዋል። ከመንደሩ ጫፍ፣ ከጡብ ፋብሪካው አጠገብ ነው። ፋብሪካው እኔ ሳልወለድ ቆሟል፤ የቀረው ጭስ ማውጫው ብቻ ነው። ቤቱን የሠሩት ለሠራተኞቹ ነው። ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ክፍሎቹ እንደ ባቡር ተቀጣጥለዋል። አንድ በረንዳ፣ አንድ የእንጨት ደረጃ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ።

በሮቹ ቁጥር የላቸውም። ባለ ፋብሪካው ለቁጥር የሚሆን ቆርቆሮ ሰስቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ማንበብ የሚችል ስላልነበረ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሩን የራሱን ቀለም ቀባ። ልጅ ቤቱን የሚለየው በቀለሙ ነው። አንዱ ሲለቅ የሚገባው ሰው በላዩ ላይ የራሱን ይቀባል። የቀደመውን መፋቅ ግን አይቻልም። «በር አይፋቅም፤ ይደረባል» ይላሉ። የፋቀ ሰው የቀደመውን ሰው አልነበርክም እንዳለው ይቆጠራል። አባቴ ቀለም ቀቢ ነው፤ የሰው ቤት ሲቀባ ቀኑን ሙሉ ሲፍቅ ነው የሚውለው። ረጅሙ ቤት ሲደርስ ግን መፋቂያውን ከቦርሳው አያወጣም። ለዚህ ነው በሮቻችን የወፈሩት። ዝናብ ሲመጣ አንዱም ገጥሞ አይዘጋም።

የኛ በር አረንጓዴ ነው። ከላይ፣ ጥግ ላይ ያለው፣ ሁለት መስኮት ያለው ክፍል። አያቴ የፋብሪካው ካቦ ነበር፤ የግድግዳው ኖራ ሳይደርቅ የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ይናገራል።

በሩን መጨረሻ የቀባው ወንድሜ ነው። ከአባቴ ጋር ቀለም ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት። ቀለሙ ሳይደርቅ ረስቶ ገፋውና አውራ ጣቱ ከእጀታው በላይ ታተመ። አባቴ አስተካክለው ቢለው «ፊርማዬ ነው» አለ። በየጠዋቱ ስወጣ አውራ ጣቴን እዚያ ላይ አሳርፋለሁ። የሱ ይሰፋል።

ረቡዕ፣ 8

ቸኩያለሁ፣ አጎቴ ብስክሌቱን ይዞ ታች ቆሟል። ወሬው፦ ረጅሙ ቤት ሊፈርስ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው አዲሱ ሕንፃ አልቋል። ክፍሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሱ የሆነ ቤተሰብ እዚያ ሁለት ክፍል ይሰጠዋል። በኋላ የገባ የዕቃ ማጓጓዣና ምስጋና ይሰጠዋል። (ምስጋናውን የጨመረው አጎቴ ነው።) የፋብሪካው ቢሮ ከነወረቀቱ ስለተቃጠለ ኮሚቴው የሚወስነው በሰው ምስክርነት ነው። በሚቀጥለው ወር መግቢያ ግቢው ውስጥ ምስክሮችን ይሰማሉ።

ረቡዕ፣ ከትምህርት መልስ

ስለ አጎቴ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ብስክሌት ይጠግናል። ትምህርት ከተመለስኩ ወዲህ በየጠዋቱ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ፊት ለፊቱ ብረቱ ላይ ያስቀምጠኛል፤ እግሬ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። «አንተ ልጅ፣ ወይ አትደግ ወይ ራስህ ንዳ» ይለኛል። በመላጣው የማይቀልድ ሰው የለም፤ ቀድሞ የሚቀልደው ግን እሱ ነው። ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ከወንድሜ ጋር እንደማወራ የነገርኩት ለሱ ብቻ ነው። አልሳቀም። «አውራው፣ ይሰማሃል» አለኝ።

አዲሱ ሕንፃ ሥር በመንገዱ በኩል የሱቅ በር ያለው ቤት አለ። የኛ ክፍል የጥግ ስለሆነ እሱ ይደርሰናል ይላሉ። አባቴ የሱቁን በኩል ለአጎቴ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። አጎቴ ከአሁኑ ታፔላውን ምን ቀለም እንደሚያስቀባ ያስባል።

ቅዳሜ፣ 11

ለቤት ሥራው አባቴን ጠየቅኩት። የኖራውን ታሪክ ነገረኝ። ሌሎቹስ ስለው ማን ከማን ቀጥሎ እንደገባ ዘረዘረልኝ። ከደረጃው ሥር ስለሚኖሩት ስለ እማማ ቢጫ ስጠይቀው ብሩሹን ማጠብ አቆመ።

እማማ ቢጫ የሚባሉት በሩ ቢጫ ስለሆነ ነው። ክፍሉ ድሮ የከሰል ማስቀመጫ ነበር፤ መስኮት የለውም። አባቴ አያቴ አዝኖላቸው የሰጣቸው ነው፣ ኋላ ነው የመጡት አለኝ። ይህን ሲለኝ እናቴ «ተወው እንጂ፣ የልጅ ጥያቄ ነው» ብላ ባልዲ አንስታ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ባልዲው ሙሉ ነበር።

አባቴ አይተኛም። ከፍ ያለ ሥራም አይቀበልም። ትላንት የመጋዘን ግድግዳ ቅባ ቢሉት ወገቤን አሞኛል አለ።

እሑድ፣ 12

እማማ ቢጫ ጋ ሄድኩ። ወደ ክፍላቸው ሲገባ ጣሪያው ደረጃው ራሱ ስለሆነ ጎንበስ ይባላል። ሰው ሲወጣና ሲወርድ እግሩ አናት ላይ ነው። ሁሉንም በእግሩ ይለዩታል። «አባትህ ከባድ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ መሐል ላይ ይቆማል» አሉኝ። «ወንድምህ ሦስተኛዋን ይዘላት ነበር። አሁን ሁሉም ይረግጧታል።»

ለቤት ሥራ ነው ብዬ ስለ ድሮው ጠየቅኳቸው።

«ለወንድምህ ነግሬ ምን አተረፍኩ?» አሉኝ።

ወንድሜ ምን ፈልጎ መጥቶ ነበር ብላቸው እናትህ ትጣራለች፣ ሂድ አሉኝ። እናቴ አልተጣራችም።

ወንድሜ የማይነግረኝ ነገር አልነበረም። ጭራ ነበር የሚለኝ፤ የትም ስለምከተለው። እዚህ ግን ያለ ጭራው ነው የመጣው። ሞተ ብዬ ልናደድበት አልችልም ማለት ነው? ተናድጃለሁ።

ማክሰኞ፣ 14

ትዝ አለኝ። በሩን በቀባ ቀን ብሩሹን እያጠበ «ጭራ፣ አንድ ቀን በማጠፊያው በኩል የሆነ ነገር አሳይሃለሁ» ብሎኝ ነበር። የመንገዱን መታጠፊያ ያለ መስሎኝ ረሳሁት።

ማንም ቤት ሳይኖር በሩን እስከ ጥግ ከፈትኩ፤ የውሃ በርሜሉን ገፋሁ። በሩን ከመቃኑ ከሚያያይዘው ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ሳንቲም የምታክል የተፈቀፈቀች ቦታ አለች።

ምን እንደሆነች ወዲያው አወቅኩ። አባቴ ለሁለታችንም ያስተማረን ነው። የማያውቀውን በር ከመቀባቱ በፊት አንድ የማይታይ ቦታ መርጦ በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱ እስኪወጣ በክብ ያሸዋል። ያኔ የተደራረቡት ቀለሞች እንደተቆረጠ ሽንኩርት በቀለበት በቀለበት ይታያሉ። «ከመቀባትህ በፊት የቀደመህን ጠይቅ» ይላል። ከቀለበቶቹ የሚበዙት አረንጓዴ ናቸው፣ እኛ ስለኖርንበት፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ፣ እንደገና ጥቁር። መጨረሻ ላይ፣ ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀው፣ የመጀመሪያው፣ ቢጫ ነው።

በርሜሉን መለስኩት።

ሐሙስ፣ 16

ምናልባት ፋብሪካው መጀመሪያ ሁሉንም ቢጫ ቀብቶ ይሆናል። የሌሎቹን በሮች የተላጠ የተላጠውን ቦታ እያየሁ ዞርኩ። የፀጉር አስተካካዩ በር ሰማያዊ፣ ከሥሩ እንጨት። የመንትዮቹ ቤት ቀይ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከሥሩ እንጨት። ቢጫ የለም። ቢጫ ያለው ከደረጃው ሥርና ከኛ አረንጓዴ ሥር ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ 18

ለእማማ ቢጫ ማጠፊያው ጋ ያለውን አይቻለሁ አልኳቸው። በሩን ዝጋው አሉኝ። ሲዘጋ ጨለመ፤ እንደዚያው በጨለማ ነገሩኝ።

አባታቸው የፋብሪካው እሳት ለኳሽ ነበሩ። የጥጉ ክፍል መጀመሪያ የተሰጠው ለሳቸው ነው፤ ሌሊት እየተነሱ እሳቱን ሊያዩ ስለሚገባ ከመስኮቱ ምድጃው እንዲታያቸው። እሳቱ በላቸው። እናትና ልጅ አስከሬኑን ይዘው አባትየው የተወለዱበት አገር ሄደው ቀብረው ተመለሱ። ደረጃውን ወጡ።

«ልጅ ነኝ፣ ደክሞኛል። ቤቴ ነው ብዬ በሩን በእጄ ገፋሁት። እጄ ተጣበቀ። ገና አልደረቀም ነበር» አሉኝ።

አያቴ ከውስጥ ወጣ። ክፍሉ ለሠራተኛ ነው፣ ሠራተኛው የለም አለ። ከደረጃው ሥር ያለውን ሰጣቸው።

«አያትህ ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ እማማ ቢጫ። «ከሰሉን አስጠርጎልናል።»

እናታቸው ከጣሳ ሥር የተረፈችውን ቢጫ ቀለም በውሃ ሊያቀጥኗት ሞክረው፣ የዘይት ቀለም እምቢ ብላቸው፣ በጣታቸው ነው የከሰል ቤቱን በር የቀቡት። ለኮሚቴው ለምን አይናገሩም ስላቸው አንዲት አሮጊት በካቦው ልጅ ላይ ተነስታ ማን ይሰማታል አሉ። ደግሞ ወንድሜ ገና ኮሚቴ ሳይኖር ለሰው ሁሉ ለመናገር ቆርጦ እንደነበር፣ ከሳምንት በኋላ ግን እሱም እንደሌለ ነገሩኝ። ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው።

«መስኮት» አሉኝ።

እኛስ የት እንሄዳለን? ይህን ግን አልጠየቅኳቸውም። እዚህ ክፍል ውስጥ አልጋዬ አለ፤ የአልጋዬ ግማሽ የወንድሜ ነው።

ሰኞ፣ 20

ለአጎቴ ነገርኩት። ለብቻዬ መሸከም አልቻልኩም። ዳገቱ ላይ ወርደን ብስክሌቱን እየገፋን ነበር። በሩ ላይ የተፈቀፈቀ ቦታ አይቼ ከሥሩ ቢጫ እንዳለ አወቅኩ፣ ክፍሉ የእማማ ቢጫ ነበር አልኩት። አልደነገጠም። የደወሉን ክዳን ሲያሽከረክር ቆየና «የማጠፊያዋን ነገር ነው?» አለኝ።

ማጠፊያ ብዬው መሆን አለበት። ብዬዋለሁ።

በእናቱ ምሎልኛል። ከአፌ አይወጣም፣ አንተም ለመምህርህ እንዳትጽፍ፣ እኔ ራሴ በዘዴ አስተካክለዋለሁ አለኝ። ቀለል አለኝ። የነገርኩት ሰው ትልቅ ሰው ነው፣ ያውቅበታል።

ረቡዕ፣ 22

በሩ የለም። ማለቴ አለ፤ ቀለሙ የለም።

ረቡዕ፣ ማታ

ከትምህርት ቤት ስመጣ የረጅሙ ቤት ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ቆሟል። አባቴ ተንበርክኮ ይፍቃል። ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ እየተሰነጠቀ እንደ ዛፍ ልጣጭ ነው የሚወርደው። እናቴ ከኋላው ትጠርጋለች። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ቀስ ብሎ «በር እኮ አይፋቅም» አለ።

አባቴ ቀና ሳይል፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «የልጄን እጅ በየቀኑ ማየት አልቻልኩም» አለ።

ሴቶቹ አለቀሱ። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን ያዘው። እኔም ላለቅስ ነበር። ከእጀታው በላይ አየሁ፤ ጣቱ የነበረበት ቦታ እንደተላጨ ራስ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ወደ ማጠፊያው አየሁ። በርሜሉ ተነስቷል። ጠርዙ በመላጊያ ተልጓል።

የወንድሜ ጣት ያለው ፊት ለፊት ነው። ጠርዙ ላይ ምን ነበረው? ይህን ብቻ ነው የምጽፈው።

አጎቴ ዛሬ ጠዋት አልመጣም። ጎማዬ ተነፈሰ ብሎ ላከብኝ። ብስክሌት ጠጋኝ ጎማ ተነፈሰበት። ወንድሜ ቢኖር በዚህ ሳምንቱን ሙሉ ይስቅ ነበር።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ያመለጠው የኔ ነው፤ የተመለጠው የሱ።

ዓርብ፣ 24

ቧንቧው ጋ እናቴና አጎቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ኋላ ነበርኩ።

እናቴ «ያኔም ዝም በል ብዬህ ነበር» አለችው።

«ምን ላድርግ፣ አባትየው መስማት አለበት ብዬ ነው። አባትና ልጅ ናቸው፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ አልኩ እንጂ…» አለ አጎቴ።

ባልዲውን እግሩ ላይ ደፋችበት። ሳታየው አይደለም።

የቱ «ያኔ» እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ አንድ ሕግ አለው። አንዱ መሰላል ሲወጣ አንዱ እግሩን ይይዛል። ምሳ ሰዓት ቢሆን፣ ሰው ቢጠራ፣ መሰላል የያዘ ሰው አይለቅም። ወንድሜ በሞተበት ጠዋት ሁለቱ ተለያይተው ነው የወጡት። ወንድሜ ቁርስ አልበላም። አባቴ ሥራው ቦታ ዘግይቶ ነው የደረሰው ይላሉ። ሰው ሊዘገይ ይችላል።

ከትላንት ጀምሮ በእግሬ ነው የምሄደው። አጎቴ ከኋላዬ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ደወሉን ይመታል። አልዞርም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለውን አንድ ጊዜ ለፈተና ተርጉሙ ተብለን ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። አሁን ነው የገባኝ።

እሑድ፣ 26

አባቴ አንድ ጣሳ አረንጓዴና የወንድሜን ብሩሽ ፊቴ አስቀመጠ። ከመሰማቱ በፊት በሩን ቅባው አለኝ። አልቀባም አልኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም።

«ለኔ መሰለህ?» አለኝ። «አንተ መስኮት ባለው ቤት እንድታድግ ነው።»

«እሳቸውስ?»

ማን ብሎ አልጠየቀኝም። ብሩሹን አንስቶ ራሱ ቀባው። ቀለሙ ወረደ፣ ተንጠባጠበ። ለሌላ ቀቢ አንድ ጠብታ ይቅር የማይል አባቴ ጠብታውን ሁሉ እንዳለ ተወው።

ማክሰኞ፣ 28

ከእናቴ አልጋ ሥር ካልሲዬን ስፈልግ የብስኩት ጣሳ አገኘሁ። ድሮ ቁልፍና መርፌ የምታስቀምጥበት። ሲነቀነቅ እንደ ቁልፍ አይጮህም። ከፈትኩት።

በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የቀለም ልጣጭ ነው። የጠረገችውን አልደፋችም። ልጇ የቀባውን መጣል አልቻለችም። ትልልቁን ትልልቁን መርጣ እንደ ሳህን ደርድራዋለች። ከሁሉም በላይ ያለው ጣቱ ያለበት ነው።

አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። ከዚያ ገለበጥኩት። የጀርባው ቢጫ ነው። ደማቅ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ቢጫ፤ የእንጨቱ ጅማት እንኳ ታትሞበታል።

እናቴ ገልብጣ አይታው ይሆን? ገልብጣ ባታየው ደስ ይለኛል። አይታው ዝም ካለች…

ጣቱ ያለበትን መለስኩ። ከሥር አንድ ትንሽ ወሰድኩ። ከእናቴ ሰርቄያለሁ።

ዓርብ፣ 1

ነገ ይሰማል። የቤት ሥራውንም ዛሬ ማስረከብ ነበረብኝ። የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ «አያቴ ኖራው ሳይደርቅ ገባ።» አነበብኩትና ሰረዝኩት። ያልደረቀው ኖራው አልነበረም። መምህሩ ጊዜ ጨመረልኝ፤ ያዘነልኝ መስሎት።

ቅዳሜ፣ 2

እንደሆነው ልጻፈው፤ ሳልጨምር።

ኮሚቴውን የምትመራው ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ናት። ግማሹን መንደር በእጇ ስለተቀበለች ማንም አይገላመጣትም። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አወጡ። እያንዳንዱ ቤት እየቆመ ተናገረ። ተራችን ሲደርስ አባቴ የኖራውን ታሪክ ተናገረ፤ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ስለተለማመደው። አጎቴ መሰከረ። ከአባቱ የሰማው እንደሆነ፣ የረጅሙን ቤት የመጀመሪያ ቁልፍ ያዞረው ካቦው እንደሆነ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። አዋላጇ የሚቃወም አለ ወይ አለች። እማማ ቢጫ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ።

ተነሳሁ። እግሬ ሳያስፈቅደኝ ነው የተነሳው። ክፍሉ የእማማ ቢጫ አባት ነበር አልኩ። ሊቀብሩ ሄደው ሳለ በሩ ተቀባባቸው። ማስረጃ አለኝ አልኩና ጨበጥ ያደረግኩትን እጄን ዘረጋሁ።

ዱቄት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጨብጬው፣ አልቦኝ፣ ደቅቋል። አረንጓዴውና ቢጫው ተደባልቆ ምንም አይመስልም።

አንድ ሰው ሳቀ። አጎቴ ከወንበሩ ተነስቶ መጣና ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። «ይቅርታ አድርጉለት» አለ። «ወንድሙን ካጣ ወዲህ ልክ አይደለም። ማታ ማታ ከሱ ጋር ያወራል።»

ለሱ ብቻ የነገርኩት ነው። ለሌላ ለማንም አልነገርኩም። አውራው፣ ይሰማሃል ብሎኝ ነበር።

ሰው ሁሉ ያንን አስተያየት አየኝ፤ የትኩስ ድስቱን። አዋላጇ «ተቀመጥ የኔ ልጅ» አለች። አባቴን አየሁት። አንድ ቃል ቢናገር አልኩ፤ ልጄ አላበደም ቢል ብቻ፤ የቤቱን ይተወው። መሬት መሬቱን አየ።

ያኔ እማማ ቢጫ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ከኔ ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው። ደረጃው ላይ እግር ነበር። እናቴ ናት፤ መቼ እንደወጣች አላየሁም፣ አሁን እየወረደች ነው። የብስኩት ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ሕፃን እንደሚያዝ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ልጄ አልታመመም» አለች። «ገልብጪና እዪው።»

አዋላጇ አንዱን ገለበጠች። ሌላውን ገለበጠች። ጠረጴዛው ቢጫ በቢጫ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ የመንትዮቹ እናት መጣች፣ ሁሉም ከደረጃው ሥር ያለውን በር ያያሉ፣ ጠረጴዛውን ያያሉ። አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ሴት» አለ። አልዞረችም። አጎቴ ክንዱን ከትከሻዬ አነሳ።

እማማ ቢጫ ተነስተው መጡ። ምንም አልነኩም። «እሱ ነው» ብቻ አሉ።

አዋላጇ ጣሳው ኮሚቴው ዘንድ ይቆያል አለች። እናቴ ጣቱ ያለበትን አነሳች። አዋላጇ እሱማ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ነው፣ እዚህ ይቆይ ብትላት እናቴ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ላዩ የልጄ ነው፤ ታቹ የሳቸው ነው» አለች። «ሌላውን ሁሉ ውሰዱ።»

እሑድ፣ 3

እናቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ ቢጫውን መቼ እንዳየችው። «ስጠርግ» አለች። በዚያው ረቡዕ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ቀን አብራኝ ቁጭ ብላ ታውቅ ነበር። ጣሳውን ይዛ ስለወረደች እወዳታለሁ። እስክትወርድ ስለቆየችው ጊዜ ግን ገና ይቅር አላልኳትም።

ሐሙስ፣ 14

ተወሰነ። ሁለቱ ክፍል ለእማማ ቢጫ። ለኛ የዕቃ ማጓጓዣ። ምስጋናው አልመጣም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተናል። አጎቴ ጋሪ ይዞ ሊረዳን መጥቶ ነበር፤ እናቴ ከበሩ መለሰችው። ጋሪውን ግን ትቶልን ሄደ። ተጠቀምንበት፤ ጋሪው ምን አደረገ?

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የማላውቀው እግር ሰማሁ። ሲያርፍ፣ ሲጀምር፣ ሲያርፍ። ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው ከታች ሆነው የኛን የሚሰሙት። እማማ ቢጫ መቃኑን ይዘው ቆሙ። በሩን ሳይነኩ። «ደርቋል» አለቻቸው እናቴ። ያኔ ገቡ። ቀጥ ብለው ወደ መስኮቱ ሄደው የጭስ ማውጫውን ብዙ አዩት። እናቴ ልጣጩን አወጣችላቸው። ሁለቱ ሴቶች መስኮቱ ጋ ቆመው ያቺን አንዲት ነገር ያዟት፤ የእናቴ አውራ ጣት ከላይ፣ የሳቸው ጣቶች ከታች። ማንም አላለቀሰም። እኔ ነኝ ዕቃ ልጨምር ብዬ የወጣሁት።

ስመለስ እማማ ቢጫ ሄደዋል። የቀረው መጋረጃው ብቻ ነበር። አባቴ መሰላሉን መስኮቱ ጋ አቁሞ ሁለት እርከን ወጥቶ ቆሟል። ከዚያ በላይ አልወጣም። ወደ ታች ያያል፤ እኔን አይደለም፣ የመሰላሉን እግር ነው። ፊቱ ነጭ ነበር። ያዝልኝ አላለኝም።

ወለሉ ዘንበል ያለ ነው፤ ድሮም እናውቃለን።

ሄጄ የመሰላሉን እግር ያዝኩ። ይቅር ብዬው አይደለም። ወደ ላይም አላየሁም። መጋረጃውን ፈትቶ፣ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ወርዶ ሁለቱም እግሩ መሬት እስኪነካ ድረስ አልለቀቅኩም።